የበሬ መግዣ

የከብቱ በሽታ ጋብ እንዳለ አራዳ ገበያ መሃል ነጋሪት ተጎሰመና፣ መንግሥት በሬው ላለቀበት ገበሬ የበሬ መግዣ ብር እንደሚሰጥ ተነገረ። አንድም በሬ ላልቀረለት ብቻ። ከቀበና ወዲያ ማዶ የሚያርሰው እሸቴ ይህን «ብቻ» ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ከሁለቱ በሬዎቹ ግንባረ ነጩ ቦራ ተርፎለት ነበር። ስለ መትረፉ ጊዮርጊስ ሄዶ ጧፍ አብርቷል፤ አሁን ግን መትረፉ እንደ በደል ታየው።

የመሬት አዋሳኙ ቡሽራ ሁለቱም አልቀውበታል። ቡሽራ ከወሎ የመጣ፣ ዝምተኛና ታታሪ ሰው ነው። እሸቴን አስቀይሞት አያውቅም፤ እሸቴንም የሚያንገበግበው ይኸው ነበር፤ የሚጠላበትን ሰበብ እንኳ ነፍጎታል። ቅዳሜ የሞቱትን በሬዎች ቆዳ ለምስክርነት ተሸክሞ ሄደና ብሩን ተቀብሎ፣ ሻኛው የቆመ ቀይ በሬ እየነዳ ተመለሰ። እሸቴ ባጥሩ ቀዳዳ አየው።

«መንግሥት የሚከፍለው ለሰነፍ ነው» አለ ራት ላይ።

«ቡሽራ ሰነፍ ነው?» አለች ሚስቱ ሙሉነሽ።

«ከብቱን ያልጠበቀ ምን ይባላል?»

«የኛውስ ማን ሲጠብቀው ነው የሞተው?»

እሸቴ ገበታውን ገፋ አድርጎ ተነሳ።

ሆዱ ሲነድ ሰነበተና ዓርብ ቦራን ነድቶ አራዳ ለሥጋ ሻጭ ሸጠው። ብልሃቱ ቀላል ነበር። ቆዳውን መልሶ ይወስዳል፣ በሽታው ፈጀብኝ ይላል፣ በመንግሥት ብር የቡሽራን የሚያስንቅ በሬ ይገዛል። ባይሳካለት ክረምቱ ሳያርስ ሊገባበት፣ የዓመት ቀለቡ ሊቀር እንደሚችል አላሰበም። ቅናት ሲይዝ እንዲህ ያደርጋል።

በማግስቱ ተራው ደርሶ ከእርሻ ሹሙ ፊት ቆመ።

«መቼ ሞተ?»

«ትናንት ጌታዬ፣ በበሽታው።»

ሹሙ ቆዳውን ዘረጋና አንገቱ ጋ ሲደርስ ተጠራጠረ። የተቆረጠበትን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄ በሽታ ቢላ ይዞ ነው የመጣው?»

«ደግ በሽታ ነው ጌታዬ» አለ ከኋላ የቆመ አንድ የአራዳ ሰው፣ «ባርኮ ነው የሚገድል።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሹሙ እንደማሰር ቃጥቶት ነበር፤ ሳቁ አበረደለትና ቆዳውን አሸክሞ ሰደደው። እሸቴ በከብት ተራ በኩል ሲያልፍ ዋጋ ጠየቀ። የመንግሥት ብር የያዘ ሁሉ በሬ ፈላጊ ሆኖ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል፤ ሥጋ ሻጩ የሰጠው ብር ጥጃም አይገዛ።

ቤቱ ሲደርስ ቡሽራ ቀንበር ተሸክሞ፣ ቀዩን በሬ ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል።

«ዝናቡ ሳይቀድመን እናቀናጃቸው ብዬ መጣሁ» አለ። «አንድ በሬ ብቻውን አያርስ፤ ያንተ አንድ፣ የኔ አንድ። መጀመሪያ ያንተን ማሳ እንረስ። ከዚህ የሚገዝፍ በሬ ነበር፣ ከቦራ ጋር ቁመቱ እንዲስማማ ብዬ ነው ይሄን የመረጥኩት። እንዳንተው አንድ በሬ የተረፈለት ጎረቤታችን ግደይም አቀናጀኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ የለም፣ ከእሸቴ ጋር ነኝ አልኩት።»

እሸቴ ቆዳውን ከትከሻው አወረደ። ቡሽራ የግንባሩን ነጭ ምልክት አይቶ ደነገጠ።

«ምን ነካው?»

«ሸጥኩት።»

«ለምን?»

ባንተ ቀንቼ ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። «ቸግሮኝ» አለ።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ ቡሽራ አዝኖ። በሬውን መልሶ ነዳ።

ሰኞ ደመናው ሲጠቁር ቡሽራና ግደይ ጠመዱ። እሸቴ ከወሰኑ ወዲህ በዶማ ይቆፍራል። ወገቡን ሊያሳርፍ ባለ ቁጥር ከቀዩ ጎን የተጠመደውን በሬ ያያል፣ ከኋላ የሚከተለውን ባለቤቱን ያያል። ሆዱ እንደ ፊተኛው ነደደ። በቡሽራ ግን አልነበረም፤ አሁን የቀናው በግደይ ነው።