የዘገየ ደወል

«ሃምሳ ስምንቱንም በሁለት ደቂቃ?» አለች ኮሪን። «ልትሸኙት ነው ወይስ ልታባርሩት?»

ሌናርድ ሃቭራን የቡናውን የወረቀት ኩባያ ከወንድሙ ሬሳ ሳጥን አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «የደወሉ ማሽን የተስተካከለው እንደዚያ ነው። ቁልፉን እጫናለሁ፣ በየሁለት ሰከንዱ ይመታል፣ ያበቃል። ለአባታችንም እንዲሁ ነው የተደወለለት።»

«የድሮው ገመድስ?»

«ተንጠልጥሏል። የሚነካው የለም።»

«እኔ እነካዋለሁ።»

ሌናርድ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ኮሪን፣ ቤተ ክርስቲያኑን መድረክ አታደርጊብኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጮኻችኋል፤ ይበቃል።»

በዚህች የኦሃዮ ብረት ከተማ ሰው ሲሞት ሁለት ቀን በቀብር አስፈጻሚው ቤት ሬሳው እየተጎበኘ ይለቀሳል፤ በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በዕድሜው ልክ ደወል ይደወልለታል። ለአንድ ዓመት አንድ ምት። ሩዲ ሃቭራን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ልቡ ቆመ። ይህ ሁለተኛው ቀን ነበር፤ ኮሪን ባስኮ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የምትጣላው ሰው ስትፈልግ ነበር የዋለችው።

ምክንያት አላት። የከተማው ጋዜጣ ስለ ሩዲ አራት መስመር ጽፏል፤ «ጡረታ የወጣ በያጅ፣ በትርፍ ጊዜው ሙዚቃ ይወድ የነበረ» ይላል። በትርፍ ጊዜው! «ዝገት» የሚባለው የሄቪ ሜታል ባንድ አሥራ አንድ ሸክላ አሳትሟል፤ ዘጠኝ ጊዜ ባሕር ተሻግሯል። ሩዲ ጊታሩን ይዞ ከፊት ቆሟል፤ ኮሪን ከበሮዋን ይዛ ከኋላው ተቀምጣለች። ያንን ሁሉ በአራት መስመር የቋጨው ጸሐፊ አንዱን ዜማ እንኳ እስከ መጨረሻው እንዳልሰማ በልጆቿ ትምላለች። ያልሰማ ሰው ደግሞ ፍርድ ለመስጠት አይታክተውም።

የሰሙትማ መጥተዋል። ከሩዲ እናት የቦውሊንግ ጨዋታ ጓደኞች ኋላ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ጥቁር ካናቴራ የለበሱ ወንዶች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። አንዱ ከኦሪገን ሦስት ቀን ነድቶ የመጣ ነው። ሳጥኑ ፊት ሲደርስ ተንበረከከና ለመነሳት ቸገረው።

«ይሄ ደግሞ ከሠራተኛ ማኅበሩ ነው?» አሉ እማማ ኢርማ፣ የሩዲ እናት፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ።

«አይደለም እማማ። የሩዲን ሙዚቃ የሚወድ ነው።»

«ከሩቅ?»

«ከሩቅ።»

አሮጊቷ ሰውዬውን ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «በሉ ሳንድዊች ስጡት» አሉ።

ኮሪን ሳንድዊቹን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሳህኑን ይዛ እንደቆመች ሩዲ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወለል ላይ የተቀመጠባት ያቺ ቀን ትዝ አለቻት።

ሃያዎቹን ገና መጀመራቸው ነበር። ያኔ ሲጫወቱ እንደ ሁሉም ባንድ ፈጣን ነበሩ፤ ማን ይቀድማል እየተባባሉ ይጋልቡ ነበር። ተበድረው በአንድ ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ቀረጹ። የቀረጸው የቴፕ ማሽን ከልኩ በላይ ይፈጥን ኖሮ፣ ሥራው በትክክለኛው ፍጥነት ሲታተም ሁሉ ነገር ዘገየ፤ የጊታሩ ድምፅ ወፈረ፤ የኮሪን ከበሮ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወድቅ ድንጋይ ሆነ። አምስት መቶ ሸክላ ተበላሽቶ መጣ። የቤዝ ተጫዋቹ ዱዌን ካርቶኖቹን ወንዝ ልጣላቸው አለ። ኮሪን ጋራዡን ላቃጥል አለች።

ሩዲ ግን ሸክላውን አስቀመጠና አዳመጠ። አንዱን ገጽ ጨረሰ፣ ገለበጠ፣ ጨረሰ፣ ደገመ። ሲመሽ ቀና አለ፤ ፊቱ ቤቱ ውስጥ እንግዳ የገባበትን ሰው ይመስል ነበር።

«እነዚህ እኛ አይደለንም» አለ። «ከእኛ የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ እንማር።»

«የቱን ነው የምንማረው? ስህተቱን?» አለ ዱዌን።

«አዎ።»

አሥራ አንድ ወር ፈጀባቸው። ድምፃቸው እንዲወፍር የጊታሩን ክሮች እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አላሏቸው፤ ከዚያ የወፈሩ ክሮች ገዙ። ለኮሪን ግን የሚገዛ ነገር አልነበረም። ሰው ፈጣን ከበሮ መቺን ያደንቃል፤ ፍጥነት የጡንቻ ሥራ ነው፣ ሰው በልምድ ያገኘዋል። መትቶ፣ ከዚያ እጅን አንስቶ፣ አንዳንዴ እስከ አሥር ሰከንድ ሳይመቱ መጠበቅ ነው ሰውን የሚያርበደብደው። መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ እየሳቀባቸው ይወጣ ነበር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ምሽት ሰባት ሰው ቀረላቸው። ከዓመታት በኋላ ግን አውሮፓ ውስጥ፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ በሁለት ምት መካከል ትንፋሹን ይዞ ሲቆም አየች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የሚያስል አልነበረም። ያንን ዝምታ የሠራው ጋዜጣው «በያጅ» ያለው ሰው ነው። እሱ አይቆጥርም ነበር። የጊታሩን አንገት ያነሳል፣ ይተነፍሳል፣ ትከሻው ሲወርድ እሷ ትመታለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት የመታችው በዚያ ትከሻ ነው።

ሳንድዊቹን ለሰውዬው ሰጥታ ስትመለስ ሌናርድ እናቱን ጆሯቸው ሥር እያስረዳ ነበር።

«ና፣ ጮክ ብለህ ተናገር» አሉት እማማ ኢርማ። «ምንድነው የምትፈልገው ይቺ ልጅ?»

«ደወሉን በእጇ ልትደውል። በእሷ አካሄድ አሥር ደቂቃ ይፈጃል እማዬ። የካቲት ነው። ሰው ውጭ ቆሞ ሊደርቅ ነው፤ መቃብር ቆፋሪዎቹም ይጠብቃሉ።»

«መቃብር ቆፋሪ መጠበቅ ሥራው ነው» አለች ኮሪን።

«እኔ ስትጫወቱ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣሁት» አሉ አሮጊቷ። «በአንድ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ። አንዱን ዜማ ሳትጨርሱ ዓሣዬን ጨርሼ ድንቹንም በላሁ።»

ኮሪን ሳታስበው ሳቀች።

«እስቲ አሳዪኝ፤ ምን ያህል ነው የሚቆየው?»

ኮሪን ወንበራቸው አጠገብ ተንበረከከች። የወንበሩን ክንድ በመዳፏ አንዴ መታች። ጠበቀች። ሌናርድ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እናቱ ጣታቸውን አነሱበት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የኦሪገኑ ሰው ማኘኩን አቆመ። ኮሪን እንደገና መታች።

እማማ ኢርማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «እዚህ መሀል ያለው ነው ሥራው?» አሉ።

«እዚያ መሀል ያለው ነው፣ እማማ።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ሸክላችሁን ስሰማ ምቱን ብቻ ነበር የማዳምጠው።» ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ትደውልለት።»

«ሰው ይበርደዋል እኮ እማዬ።»

«ካፖርት አለው።»

በማግስቱ ሳጥኑ ከበሩ ሲወጣ ኮሪን ደወል ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ ገመዱን ይዛ ቆማለች። በመስኮቱ ሕዝቡ ይታያታል፤ የምታየው ትከሻ ግን የለም። ፈራች። ለመጀመሪያው ዓመት ሳበች። ድምፁ በጣሪያዎቹ ላይ አልፎ፣ በተዘጋው ብረት ፋብሪካ ላይ አልፎ ሄደ። ጠበቀች። በአምስተኛው ላይ አንዲት ሴት ሰዓቷን አየች። በሃያኛው ላይ ሰዓቱን የሚያይ አልነበረም። ሳጥኑን የተሸከሙት እንኳ ሊያወርዱት አልተንቀሳቀሱም። በአርባኛው ላይ ሌናርድ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶም አላደረገው። በምቶቹ መካከል አንድ ትልቅ ነገር በከተማዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሷ አልሠራችውም፣ ቦታ ብቻ ነበር የለቀቀችለት።

ሃምሳ ስምንተኛውን ሳበች። ድምፁ አለቀ። ታች ሰዎች ተንቀሳቀሱ፤ የሬሳ መኪናው በር ተከፈተ።

ኮሪን ገመዱን አልለቀቀችም። እንደ ቀደሙት ሁሉ ጠበቀች፤ አላሳጠረችም፣ አላስረዘመችም። ሩዲ ያልኖረው የሃምሳ ዘጠነኛው ዓመት ቦታ ደረሰ። ጣቶቿን አጠበቀች፤ አልሳበችም፤ ቦታው እስኪያልፍ ድረስ ይዛው ቆመች።