ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ዝምታ

በሳይንቲስቶች ጉባኤ ላይ ሰው ፊትህን ከማየቱ በፊት ደረትህን ያነባል። አንገትህ ላይ የተንጠለጠለችው ካርድ የየትኛው ተቋም ሰው፣ የምን ማዕረግ ባለቤት እንደምታደርግህ አይቶ ነው ፈገግታውን የሚመጥነው። ንቧ ይህን የተማረችው በመጀመሪያው የሻይ ዕረፍት ነው። የእሷ ካርድ «ረዳት ተመራማሪ» ይላል። ያነበበው ሁሉ ፈገግታውን ቆጥቦ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው እየፈለገ ያልፋታል።

ንቧ የሚሏት የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ንብ ቀፎ ውስጥ ትንንሽ ማይክሮፎን እያስገባች፣ ንቦቹ ቀኑን ሙሉ የሚያሰሙትን ድምፅ ስትቀዳ ኖራለች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ «ንብ መጮኋን ለማወቅ ሁለት ዓመት ይፈጃል እንዴ?» እያለች ብታሾፍባትም፣ ለጉባኤው የሚሆን ኮት የሰፋችላት እሷው ናት። ንቧ ራሷን የምታስተዋውቅበትን ንግግር ያጠናችውም በእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ቆማ ነው። እናቷ አንድ እጅጌ ሰፍታ እስክትጨርስ፣ እሷም ማንነቷንና ሥራዋን ተናግራ መጨረስ ነበረባት። «ቶሎ በይ ልጄ፣ እጅጌው አለቀ!» ትላታለች።

ይህ ሁሉ መሰናዶ ለአንዲት ሴት ነበር። ንቧ የተማረችበትን መጽሐፍ የጻፉት ታላቋ ፕሮፌሰር አንድ የዶክትሬት ተማሪ እየፈለጉ ነው። አንድ ብቻ። የንቧ የሥራ ውል ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ያኔ ቀፎዎቹም ይነሳሉ፣ የሁለት ዓመት ልፋቷም እዚያው ይቀራል። ፕሮፌሰሯን የሚያውቋቸው አማካሪዋ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራዋን በግራፍ እስከምታሳይበት ፖስተር ድረስ ሊያመጡላት ቃል ገብተዋል።

«ሥራ በሰው ነው ልጄ» አሏት። «ማምጣቱ የኔ ነው፣ የቀረው ያንቺ ፋንታ። ብቻ ያንን ጉድ ሸፍኚው።»

ጉዱ ሦስት ክፍተት ነው። ባለፈው ዓመት፣ በዓመቱ 41ኛ፣ 163ኛ እና 290ኛ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ቀፎዎች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ለሠላሳ ስምንት ደቂቃ አንዲት ንብ እንኳ ድምፅ አላሰማችም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀጠሉ። አማካሪዋ የመሣሪያ ብልሽት ነው፣ ሰርዢው አሏት። ሰረዘችው፤ ግን ሆዷ እምቢ ስላላት ዋናውን ቅጂ ኮምፒውተሯ ላይ «ቆሻሻ» የሚል ፎልደር ከፍታ አስቀመጠችው። ፖስተሩ ቀድሞ ታትሞ ስለነበር ደግሞ፣ ሦስቱ ክፍተቶች ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈችባቸው። ድንቄም ሳይንስ!

በአዳራሹ የደረሳት ቦታ ጥግ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ከጎኗ በእሷ ዕድሜ የሚሆን አንድ ረጅም ዝምተኛ ልጅ የዛፍ ግራፍ ሰቅሎ ቆሟል። ግንድ ላይ በሚያስራት የመለኪያ መርፌ፣ ዛፍ ቀን ውሃ ሲስብ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ሌሊት መልሶ እንደሚወፍር ይለካል። ንቧ ሰላም አለችው እንጂ ዓይኗ የአዳራሹ በር ላይ ነበር። ለትልቅ ሰው የተዘጋጀ ንግግር ለጎረቤት ማባከን አልፈለገችም።

ሁለት ሰዓት እንዲህ አለፈ። መጨረሻ ላይ ልጁ ራሱ ጠጋ አለ።

«እነዚህ ነጭ ወረቀቶች ምንድን ናቸው?»

«የኅትመት ስህተት ነው» አለች፤ ፊቷ ሲግል ታወቃት።

«ታድለሻል። እኔ የራሴን ጉድ መሸፈን አልቻልኩበትም» አለና ሳቀ።

ለይሉኝታ ያህል ዞር ብላ አየችለት። ግራፉ ላይ ሦስት ቀይ ቀስቶች አሉ። ከበላያቸው በትልቁ «አልገባኝም» ብሎ ጽፏል። ሰው እንዴት በገዛ ፖስተሩ ላይ አልገባኝም ብሎ ይጽፋል? ልትስቅ ስትል ከቀስቶቹ ሥር ያሉትን ቁጥሮች አነበበች። 41። 163። 290።

ክው አለች።

«ዛፎችህ ያኔ ምን ሆኑ?»

«ውሃ መጠጣት አቆሙ። ፀሐይ አናት ላይ እያለች፣ ሁሉም በአንዴ።»

«ለስንት ደቂቃ?»

«ለሠላሳ ስምንት። ባለፈው ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።»

«ዛፎቹ የት ነው ያሉት?»

«እኛ አገር፣ ደሴት ላይ።»

ከእሷ ቀፎዎች እስከዚያ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ መካከሉ ባሕር ነው። ንቧ ፖስተሩ የተሰቀለበትን ቦርድ እግር ያዘች። ንቦቹ ዛፎቹን አያውቋቸውም፣ ዛፎቹም ንቦቹን። ሆኖም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ነገር ደርሷቸው እኩል ዝም ብለዋል። ምን ይሆን የሰሙት? እሷስ በዚያች ሰዓት የት ነበረች? ምሳዋን እየበላች ይሆናል፣ ምንም ሳይሰማት። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ጋር ደግሞ በሕይወቷ ተሰምቷት የማያውቅ ደስታ መጣባትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይቺ ናት ያልኩዎት ልጅ!» አሉ አማካሪዋ ከኋላ። «ግራፏ እንዴት ንጹሕ እንደሆነ ይዩልኝ።»

ታላቋ ፕሮፌሰር ደቃቃ ሴት ናቸው። የንቧን ካርድ አላነበቡም፤ በቀጥታ ወደ ግራፉ ሄዱ። ንቧ አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ የተጠና ንግግር ድራሹ ጠፍቷል። እውነቱን ብትናገር አማካሪዋን ታዋርዳለች፣ ራሷም ማስረጃ የምትሸፍን ልጅ ሆና ትገኛለች። የዶክትሬቱ ቦታ ሲያመልጣት ታያት። ዛፎቹም ታዩዋት።

«ንጹሕ አይደለም» አለች። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቶቹን በጥፍሯ ላጠቻቸው። ሙጫው ፖስተሩን ጭምር እየቀደደው መጣ። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ቀስቶች በጣቷ አመለከተች፤ ልጁም የሦስቱን ክፍተቶች ቀን አነበበና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«መሣሪያው ነው ፕሮፌሰር፣ እኔ…» ሲሉ አማካሪዋ፣ ፕሮፌሰሯ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ከአንዱ ፖስተር ወደ ሌላው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዛሬ ሠላሳ ዓመት እንዳንቺ ሳለሁ ዓሣ ነበር የማጠናው» አሉ። «አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች በሙሉ ባሉበት ቆሙ። አማካሪዬ መሣሪያው ነው አሉኝ። እኔም ሰረዝኩት። ቀኑን እንኳ አልያዝኩትም።»

«ምንድን ነው ግን?» አለች ንቧ።

«አላውቅም» አሉ ታላቋ ፕሮፌሰር። ይህን ሲሉ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። ንቧ ቀኑን ሙሉ በዚያ አዳራሽ ይህችን ቃል ከማንም አፍ አልሰማችም ነበር።

«ነገ ጠዋት ሁለታችሁም እኔ ጋ ኑ። አንቺ ደግሞ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ፤ ሌላ ሰው መፈለግ ትቻለሁ። ብቻ…» ወደ ንቧ ጠጋ አሉ። «ዋናው ቅጂ አለ? ወይስ እንደኔ አጠፋሽው?»

«አለ» አለች ንቧ። አማካሪዋን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው፤ መሬት መሬት እያዩ ነው። «ቆሻሻ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት።»

ፕሮፌሰሯ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ስሙን እንዳትቀይሪው» አሏት።