የግራ አልጋው ስክሪን

የሥራ ባልደረቦቿ «ለምንዬ» ይሏታል። ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ኮድ ስትመረምር በየመስመሩ ግርጌ «ይሄ ለምን?» እያለች ስለምትጽፍ የወጣላት ቅጽል ነው። የምትሠራው የሕመምተኛ አልጋ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ጎኑ ላይ የተገጠመችውን ትንሽ ስክሪን ሲነኩ ራስጌው ወይም ግርጌው ከፍ የሚል አልጋ። ስክሪኑንና ሞተሩን የሚያዘው ኮድ ወደ አልጋዎቹ ከመሄዱ በፊት አንብባ «ይለፍ» ወይም «ይቆይ» የምትለው እሷ ናት።

ቤቷም ከእነዚህ አልጋዎች አንዱ አለ። ያሳደገቻት አክስቷ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነች ወዲህ እንደ ልቧ መነሳት አትችልም። አልጋው ሳሎን ውስጥ መስኮቱን ተጠግቶ ቆሟል፤ አክስትየዋም ቀኑን ሙሉ መንገዱን ቁልቁል እያየች ማን ከማን ጋር እንደሄደ፣ የማን መኪና አልነሳም እንዳለ ስትከታተል ትውላለች።

አንድ ጠዋት ለምንዬ ሻይ አቅርባላት ልትወጣ ስትጣደፍ ክንዷን ያዘቻት።

«ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ለምንድነው የተዘቀዘቀው?»

«የቱ?»

«ይሄው! ሥዕሉ ቀጥ ብሏል፣ ምልክቱ በአናቱ ቆሟል። ወይስ እኔ ነኝ ጃጅቼ የማይሆን ነገር የማየው?»

ለምንዬ ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ተገልብጧል። በየቀኑ የምትወለውለው ስክሪን ነው፤ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም።

«ከአንቺ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም» ብላ ጉንጯን ስማት ወጣች። ጥያቄው ግን ደረጃውን አብሯት ወረደ።

ቢሮ ስትደርስ የጠበቃት የፕሮፌሰር ኮድ ነበር። ፕሮፌሰር የሚሉት አስተምሮ አይደለም፤ ወፍራም መነጽር የሚያደርግና «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ፕሮግራመር ስለሆነ ነው። የድሮው የስክሪን ድራይቨር ዘመን ስላለፈበት አዲስ ጽፎ ነበር። ድራይቨር ማለት ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። የፕሮፌሰር ድራይቨር አጭርና ንጹህ ነበር። ለምንዬ እያነበበች ሳታስበው ፈገግ አለች።

ድራይቨር ስለሚያዘው ዕቃ በራሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስክሪኑ በየትኛው ሽቦ እንደተያያዘ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዴት እንደተገጠመ የሚነግረው ለብቻው የተጻፈ ፋይል አለ። በሙያው ዲቫይስ ትሪ፣ የዕቃዎች ዛፍ፣ ይባላል፤ ዕቃዎቹ ከግንድ እስከ ቅርንጫፍ ተዘርዝረው ስለሚገኙበት የቢሮው ሰዎች በአጭሩ «ዛፉ» ነው የሚሉት። አልጋው ሲበራ ድራይቨሩ ይጠይቃል፣ ዛፉ ይመልሳል።

መሀል ላይ አንዲት መስመር አቆመቻት። ድራይቨሩ ዛፉ ውስጥ «ተገልብጧል» የሚል ቃል ይፈልጋል፤ ካገኘ የጣት ንክኪውን ይገለብጣል (ሥዕሉን የሚያቃናው ሌላ ፕሮግራም ነው)፣ ካጣ ስክሪኑ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ያልፋል።

«ታዲያ ስክሪን ገልብጦ የሚገጥመው ማነው?» አለች ለራሷ፤ የጠዋቱም ምልክት ትዝ አላት። ተነስታ ወደ መገጣጠሚያው ክፍል ወረደች።

የክፍሉ ኃላፊ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት።

«የግራ አልጋ ነዋ!» አለቻት፣ ስክሪን ተገልብጦ የሚገጠመው ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት። «ስክሪኑ በቀኝ በኩል ሲሆን ገመዱ ልክ ይደርሳል። ግድግዳው በቀኝ ሆኖ ስክሪኑን በግራ የሚፈልግ ሲመጣ ግን ያጥራል። ገልብጠን ስንገጥመው ይደርሳል። የቀረውን ላይ ያሉት ፕሮግራመሮች ይጨርሱታል ተባልን።»

«ጨረስነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እስካሁን የጮኸብን የለም።»

ለምንዬ እንቆቅልሿ የተፈታላት መስሏት ደስ ብሏት ተመለሰች። «ይለፍ» ከማለቷ በፊት ለወጉ ያህል የግራውን አልጋ ዛፍ ከፈተችው። የቀኙን አልጋ ዛፍ እንዳለ ወስዶ ጥቂት መስመሮች የሚጨምር አጭር ፋይል ነው። «ተገልብጧል» የምትለዋ ቃልም አለች። እንደ ልማዷ ግን ከድራይቨሩ ቃል ጋር ፊደል በፊደል አስተያየቻት።

አይገጥሙም። ዛፉ ላይ ሁለት ፊደሎች ቦታ ተቀያይረዋል፤ ዓይን ቸኩሎ ካለፈ የማይታይ የትየባ ስህተት።

የትኛው ነው ልክ? ትክክለኞቹ አጻጻፎች የተዘረዘሩበትን ሰነድ አየች፤ ልኩ የፕሮፌሰር ነው። እንግዲያው የአክስቷ የግራ አልጋ በተሳሳተ ቃል እስከ ዛሬ እንዴት በደህና ሠራ? የድሮውን ድራይቨር ከፈተችና ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች። የድሮውም ድራይቨር ያንኑ የተሳሳተ ቃል ነበር የሚፈልገው። አንዱ አሳስቶ ይጠይቃል፣ ሌላው አሳስቶ ይመልሳል፤ ሁለቱ ተግባብተው በሰላም ኖረዋል። አሁን አንደኛው ልክ ሊሆን ነው።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። አክስቷ ቀን ቀን ብቻዋን ናት። ቀና ልትል ስክሪኑን ስትነካ እግሯ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ያ ዳሌ ሲጣመም ታያት።

ወደ ፕሮፌሰር ጠረጴዛ ሄደች።

«ኮድህ ልክ ነው፤ ግን ይቆይ።»

«ልክ ከሆነ ለምን ይቆያል?»

ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሲናደድ እንዲህ ያደርጋል።

«ሌላ ሰው ባጠፋው እኔ ልቀጣ? ዛፉ ይታረማ!»

«ዛፉ የሚጫነው አንዴ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከዚህ ሆነን የምናድሰው ከርነሉን ከነድራይቨሮቹ ብቻ ነው። ሰው ቤት የገባውን አልጋ ዛፍ ማን ሄዶ ያርመዋል?»

«ሞክሬዋለሁ እኮ፣ ሠርቷል።»

«በየትኛው አልጋ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። የሞከረው በቀኙ ነበር።

ወደ መሞከሪያው ክፍል ሄዱ። የግራ አልጋ ፈልገው አዲሱን ድራይቨር ጫኑበት። ፕሮፌሰር ጫማውን አወለቀ፤ አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ እንዳላየ ሆኖ ተንጋለለ።

«በይ እዪ» አለና የላይኛውን፣ ራስጌውን የሚያነሳውን ቁልፍ ነካ።

አልጋው ጉርምርም ብሎ የፕሮፌሰርን እግር ቀስ እያደረገ ወደ ጣሪያው አነሳው። ደንግጦ ደጋግሞ ነካ፤ እግሩ ይብስ ተነሳ። ለምንዬ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አጥፊልኝ እንጂ! ምን ያስቅሻል?»

«ካልሲህ እኮ እኔን እያየኝ ነው።»

እሱም ተንጋሎ እንዳለ ሳቀ። ሲወርድ ግን ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ማስጠንቀቂያ እንኳን አልሰጠም» አለ ጫማውን እያሰረ። «ቃሉን ካላገኘ ‹ስክሪኑ ቀጥ ብሏል› ነው የሚለው እንጂ ‹ጠፋ› አይልም። ለድራይቨሩ ሁሉም ነገር ሰላም ነው።»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

ፕሮፌሰር ተቀምጦ ጥቂት መስመሮች ጨመረ። ድራይቨሩ መጀመሪያ ልኩን ቃል ይፈልጋል፤ ካጣው የድሮውን የተሳሳተ ቃል ይፈልጋል፤ እሱን ካገኘ ንክኪውን ገልብጦ፣ ይህ አልጋ የድሮውን አጻጻፍ እንደያዘ መዝግቦ ያልፋል።

«ለትየባ ስህተት ጡረታ እያስከበርኩለት ነው» እያለ አጉረመረመ፤ ጣቶቹ ግን ተንከባክበው ነበር የሚጽፉት። መልሰው አልጋው ላይ ሞከሩት። ራስጌው ተነሳ። ለምንዬ «ይለፍ» አለች።

ማታ ለአክስቷ የገመዱን ማጠር፣ የዛፉንና የሁለቱን ቃላት ነገር እራት እየበሉ አጫወተቻት። አክስትየዋ የፕሮፌሰር እግር ጣሪያ ጣሪያውን ሲል ጎኗን ይዛ ሳቀች። ከሁሉ ይልቅ ያስደሰታት ግን ዓይኗ አለመሳሳቱ ነበር። አዲሱ ድራይቨር አልጋው ላይ የተጫነ ዕለት ራስጌውን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አድርጋ አየችው።

«ምን ተለወጠ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዳይለወጥ ነው ያን ያህል ስትለፉ የሰነበታችሁት?»

«አዎ» አለች ለምንዬ።

ፕሮፌሰር ግን አላረፈም። ያንን የተሳሳተ ቃል መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። የኮዱን ታሪክ አገላብጦ ስሙን አገኘ፤ ጡረታ የወጡት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ መሐንዲስ ናቸው። ለምንዬን አጠገቡ አስቀምጦ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ደወለ።

«ጋሼ፣ የድሮውን የስክሪን ድራይቨር የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«አንዲት ቃል ላይ ሁለት ፊደል ተቀያይሯል።»

ከወዲያ ማዶ ሳቅ ሰሙ።

«አገኛችኋት!»

«ያውቁ ነበር?» አለች ለምንዬ።

«የመጀመሪያዎቹ አልጋዎች ከወጡ በኋላ ነው ያየኋት። ላርማት ብል የወጡት ሊበላሹ ሆነ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ተውኳት።»

«ታዲያ አንዲት መስመር ማስታወሻ ቢጽፉላት ምን ነበረበት?» አለ ፕሮፌሰር።

«ነገ ነገ ስል የጡረታዬ ቀን ደረሰ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፕሮፌሰር ሊሰናበታቸው ሲል ለምንዬ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ሌላስ እንዲህ አውቀው የተዉት አለ?»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «ሌላ እንኳን... ቆይ፣ የሞተሩ ድራይቨር ላይ አንድ ቁጥር አለች። ከዛፉ ነው የምትነበበው። አንድ ነገር አስቤ ያስቀመጥኳት ይመስለኛል፣ ግን ምን እንደነበር ጠፋኝ። ካገኛችሁት ንገሩኝ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፕሮፌሰር የጀመረውን ሥራ ወደ ጎን አድርጎ የሞተሩን ፋይል ከፈተ። ለምንዬ ወንበሯን ስባ ተጠጋች፤ ፋይሉ ረጅም ነበር፣ ከላይ ጀመሩት።