ግንብ የምትደገፈው ዱሼስና ብቻዋን የምትቆመው ቀንድ አውጣ

ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ከሆነ ባሕሩ ጨውነቱን ይተው። የሚጠራጠር ካለ ወደ ፖርስ-ኬሬል ወደብ ይውረድና ሙሴ ትሬመርን ይጠይቅ፤ ሽማግሌው ያን ቀን የወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ሁሉንም በዓይኑ አይቷል።

ጉልቬን ዳቦ ቤቱን ለልጁ አስረክቦ ቀሪ ዘመኑን ባሕር ላይ ሊያሳልፍ ቆርጦ ነበር። በፈረንሳይዋ ብሪታኒ ጠረፍ እንደ እሱ ነፋስ የሚያሸት ሰው አልተወለደም፤ ነገ የሚነፍሰውን ዛሬ በአፍንጫው ያውቀዋል። የቀረው ጀልባ መምረጥና ሚስቱን አዜኖርን ማሳመን ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ቃሏን አንዴ ተናግራ ጨርሳለች።

«ብቻዬን ወደብ ማስገባት የማልችላትን ጀልባ እግሬ አይረግጣትም። ብትታመምስ? ብታኮርፍስ? እንዲያ ከሆነ ብቻህን ሂድ፤ እኔ ከግንቡ ላይ መሐረብ አውለበልብልሃለሁ።»

ጉልቬን ማዕበል አይፈራም። ያቺን መሐረብ ግን ፈራ።

ያን ጠዋት ሁለት ያገለገሉ ባለ ሸራ ጀልባዎች ለሽያጭ ጎን ለጎን ቆመዋል። ትልቋ ዱሼስ፣ መስፍኒት እንደ ማለት፣ ትባላለች። ምሰሶዋ ከመርዘሙ የተነሣ የባሕር ወፎች መሐሉ ላይ ሳያርፉ ጫፉ አይደርሱም። ወጥ ቤቷ በሬ ይጠብሳል። ጉልቬን አንዱን በር ሲከፍት ሌላ በር፣ እሱን ሲከፍት ደግሞ ሌላ እያገኘ ለጥቂት ጠፍቶ ቀርቶ ነበር። ትንሿ ቀንድ አውጣ ናት። እሷ ውስጥ ኮቱን ማውለቅ የፈለገ ሰው አንድ ክንዱን በመስኮት ማውጣት አለበት።

«አዜኖር! ነይና ይህን አልጋ እዪው! እናትሽን ይዘናት ብንሄድ እንኳ ወር ሙሉ ሳንተያይ እንኖራለን!»

«እናቴን ተዋትና አንተ ወደዚህ ና» አለች አዜኖር ከቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ። «አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል።»

ተንበርክካ የወለሉን ሳንቃ እያነሣች ታሸታለች፣ ግድግዳውን በጣቷ መገጣጠሚያ እየመታች ታዳምጣለች። ከመሰላሉ አጠገብ ያለውን እንጨት አሳየችው። ቀለሙ ተልጦ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል።

«ማዕበል ሲያንገላታቸው መርከበኞቿ የሚይዙት ይህን ነው። ስንት እጅ እንደዳበሰው እየው። የዚያችኛዋስ?»

ጉልቬን ይህን ጉዳይ ሳያጣራ መቀመጥ አልሆነለትም። ተመልሶ ዱሼስ ላይ ወጣ። የመሰላሏ እንጨት ፊት ያሳያል፤ ጭረት የለበትም። ምድጃዋ አልጠቆረም። ገመዶቿ ከሱቅ እንደመጡ ድርቅ ብለዋል።

«ታዲያ ይህች ቤተ መንግሥት የት ሄዳ ታውቃለች?» ብሎ ጮኸ።

«የትም! የሚረዳ ሰው እስኪገኝ ስትጠብቅ እዚሁ ያረጀች ነው የሚመስለኝ። ምሰሶዋን ቀና ብለህ እየው፤ ያንን ሸራ እኔ ብቻዬን አነሣዋለሁ?»

በዚህ መሐል ባሕሩ መጉደል ጀምሯል። ፖርስ-ኬሬል ላይ ባሕሩ ሲጎድል ወደቡ ጭቃ ይሆናል። ቀንድ አውጣ ከሆዷ ሥር ሁለት የብረት ክንፎች ስላሏት ጭቃው ላይ እንደ ዳክዬ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዱሼስ ግን ባለ አንድ ክንፍ ናት፤ ግንብ ካልተደገፈች ትወድቃለች። ስለዚህ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የመልሕቋን ሰንሰለት ከላይዋ በግንቡ በኩል ከምሮ ወደ ግንቡ ያዘነብላታል። ጉልቬንም ከምሯል። የረሳው እንግዶቹን ነው፤ ምርጫዬን ይዩልኝ ብሎ የጋበዘው የመንደሩ ሰው ግማሹ የፖም ጠጁን ይዞ ዱሼስ ላይ ወጥቷል።

አዜኖር የቀንድ አውጣን ሸራ ብቻዋን ሽቅብ ሳበችው። አንዱ እንግዳ «እዩዋት! ባልዮው፣ አንተማ ትርፍ ሆነሃል!» ብሎ ሳቀ። ሊያይ ያልፈለገ አልነበረም፤ ሁሉም ከግንቡ ሸሽቶ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ግር አለ። ዱሼስ ሲጥ አለች፤ ከግንቡም ተላቀቀች።

ጉልቬን ግንቡ ላይ ዘለለ። የምሰሶዋን ገመድ በአንድ እጁ ጨብጦ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ የተረከዙ ቅርጽ እስከ ዛሬ ድንጋዩ ላይ አለ። በሌላው እጁ የያዘው ጠጅ ጠብ አላለም። እንግዶቹ እየተንፏቀቁ እስኪመለሱ ድረስ ያንን ሁሉ ብረትና ሰው ብቻውን ያዘ።

«ጎበዝ» አለች አዜኖር። «አሁን በአንተ ቦታ እኔ ብሆንስ?»

ጉልቬንም ትልቅነት ማለት መተው መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው፤ ለሚስቱ ሲል ዱሼስን ተዋት።

ባለፈው እሑድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጉልቬን ይህን ሁሉ እንዲሁ ተርኮ ሲጨርስ፣ ጥግ ላይ ሰርዲን ወደሚበላው ሽማግሌ ዞረ።

«ሙሴ ትሬመር፣ እርስዎ ነበሩ። ይንገሯቸው እንጂ!»

ሙሴ ትሬመር እሾሁን ከአፉ አወጣ።

«ዱሼስ ያን ቀን አልመጣችም» አለ ቀስ ብሎ። «ነፋስ አነሰን ብለው ባለቤቶቿ ሌላ ወደብ ቆይተዋል። እንግዳም አልነበረም። አዜኖር ቀንድ አውጣን ብቻዋን አውጥታ፣ ዞራ፣ ብቻዋን አስገባቻት። አንተ ከእኔ ጋር ግንቡ ላይ ነበርክ። መሐረብህን በእጅህ ይዘህ ‹እኔንስ ትወስደኝ ይሆን?› ብለህ ጠየቅኸኝ።»

መጠጥ ቤቱ ሁሉ ወደ ጉልቬን ዞረ።

«ከዚያ የጀልባዋን ማሰሪያ ገመድ ወረወረችልህ» አለ ሽማግሌው ወደ ሰርዲኑ እየተመለሰ። «እሱን እንኳ በደንብ ነው የቀለብከው።»