የማይነሳው ድር

የኃይለ መለኮት አፍ ማር ነው። ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች እንደሱ ገበያ የሚይዝ የለም። ጋቢ የገዛውን ሁሉ እስከ አስፋልቱ ሸኝቶ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ቤታችን ቤትህ ነው» ሳይለው አይመለስም። የአገር ሰው ይህን ሲባል «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሚስቱ ሰርኬም ከጎኑ ቆማ ፈገግ ትላለች፤ ማንም እንደማይመጣ ታውቃለቻ።

ፈረንጁ ግን መጣ።

አምና ከእነሱ ጋቢ የገዛ ማርቲን የሚባል ወጣት ነው። ሆቴል ሳይዝ፣ ትልቅ ሻንጣ አዝሎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ መጥቶ ሱቃቸው በር ላይ ተገተረ። ኪሱ ሳሳ ያለ ነው፤ ቢሆንም የተጨነቀ አይመስልም፤ በዚህ ከተማ ቤት አለኝ ብሎ ነዋ የመጣው። ኃይለ መለኮት ክው አለ፤ «ቤታችን ቤትህ ነው» የሚልበት እንግሊዝኛ ነበረው፤ ቃሉን የሚያጥፍበት ግን አልነበረውም። ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ ቤት ወሰደው።

ሰርኬ በልጁ አልተናደደችም። የሰው አገር መጥቶ መጠጊያ የፈለገ ሰው ምኑ ያናድዳል? የተባለውን አምኖ ነው የመጣው። ደሟ የፈላው ባሏ ቀጥሎ ያደረገውን ስታይ ነው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ እነሱ ይተኛሉ፤ ሁለተኛውን የሽመናው ዕቃ ይዞታል፤ ድሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሮ መራመጃ እንኳ የለውም። ኃይለ መለኮት ጎንበስ አለና ድሩን ከታሰረበት ፈታ፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ ቀስ አድርጎ ጠቀለለና ምስማር ላይ ሰቀለው። ሲሸምን እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ በጣውላ ከድኖ ፍራሽ አነጠፈበት። ሰርኬ ሽንኩርቷን ልጣ ሳትጨርስ ክፍሉ መኝታ ቤት ሆኖ አረፈው። ቢላዋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ከፋሲካ በኋላ የወንድሟ ልጅ ርሆቦት ከጨንቻ መጥታ ነበር። እሷም ሳትናገር ነው የመጣችው፤ አክስት ቤት ለመምጣት ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? አማርኛዋ ገና እየተኮላተፈ ነው፤ አዲስ አበባ ለእሷም ከማርቲን ባልተናነሰ ባዕድ አገር ነበረች። ቀን ሱቅ እየረዳች ማታ ልትማር ነበር ሐሳቧ። ያኔ ኃይለ መለኮት ፊቱን አሳዝኖ፣ ድር አንዴ ከተወጠረ እስኪያልቅ አይነሳም፣ ከተነሳ ይበላሻል፣ ቦታ የለንም አላት። ያ ድር ሲያልቅ በነጋታው ሌላ ወጠረ። በጋሞ ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሰርኬ ከእንዝርቷ አልፋ ሽመናው ውስጥ እጇን አስገብታ አታውቅም። አመነችው። ርሆቦትን ደላላ ወስዶ አዲሱ ገበያ ሰው ቤት አስቀጠራት።

«ድሩ ይነሳል ለካ» አለች ሰርኬ።

ኃይለ መለኮት ፍራሹን ማስተካከሉን ቀጠለ። እ... ማለቴ፣ ለእንግዳ ሲሆን እኮ፣ ደግሞ ፈረንጅ ነው፣ ምን ይለናል ብሎ ተንተባተበ። «ርሆቦት ግን የቤት ልጅ ናት፤ እሷ ትረዳናለች።»

ይሄኛው ከሁሉም ባሰ። የቤት ልጅ ስለሆነች ቤት አጣች ማለት ነው! ሰርኬ ቢላዋውን ወርወር አድርጋ ነጠላዋን ከመስቀያው መንጭቃ ወጣች። ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከንፈሯን እየነከሰች በባሏ ተናደደች፤ በማር አፉ ተናደደች፤ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ልየው» ሳትል የወንድሟን ልጅ ለደላላ በሰጠች በራሷ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

ርሆቦት የግቢውን በር የከፈተችው እጇ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ ነው። አክስቷን ስታይ ፊቷ በራ፤ በጋሞኛ ጠየቀቻት።

«ድሩ አለቀ እንዴ አክስቴ?»

ልጅቷ ይኼን ሁሉ ጊዜ የሰው ልብስ እያጠበች ድሩ እስኪያልቅ ስትጠብቅ ነበር።

«አላለቀም» አለቻት ሰርኬ። «ይነሳ ነበር።»

«ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም።»

ርሆቦት እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። የቤቱ እመቤት ሰው ሳልተካ የት ትሄዳለች ብለው ወጣ አሉና የሰርኬን ፊት ሲያዩ ተመለሱ። ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሽሮ ሜዳ እስኪደርሱ ሰርኬ በሐሳቧ መኝታውን አከፋፍላ ጨርሳለች፤ እሷና ርሆቦት አልጋው ላይ፣ ባሏ ከእንግዳው ጋር ፍራሹ ላይ፤ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ፍራሹ የርሆቦት ይሆናል፣ ድሩም ማታ ማታ ምስማሩ ላይ ያድራል።

ሲደርሱ ማርቲን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ እየበላ ነበር። ፌስታል የያዘች ልጅ ሲያይ ደንግጦ ተነሳና ቦታውን ለቀቀላት። ኃይለ መለኮት ከሌላኛው ክፍል ብቅ አለ። ልጅቷን ሲያይ አፉ እንደልማዱ ቀደመው።

«እንዴ ርሆቦት! እንኳን ደህና መጣሽ፤ ግቢ እንጂ፣ ቤታችን...»

እዚያ ላይ ተያዘ። ርሆቦት የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ድር ታያለች።

«ጨርሰው» አለችው ሰርኬ።