በንጉሡ እግር ሥር

«ይህንንም መስታወት ሸፍኚው» አለች አክስት ሄርሚን፣ ጥቁር ጨርቅ ይዛ የሥራ ጠረጴዛው ላይ እያንዣበበች። «ሬሳ ባለበት ቤት መስታወት አይገለጥም።»

«የሥራ ዕቃ ነው፣ አክስቴ።»

«ሥራሽ ይቆይ» ብላ ራሷ ሸፈነችው።

አፖሊን መቅረጫዎቿን ወደ ጎን ሰበሰበች። አባቷ ከትናንት ጀምሮ በጎን ክፍል ተጋድሟል። የጥንት ነገሥታትን ካባ፣ ዘውድና ሰይፍ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመቅረጽ እንደ አባቷ እንደ ቫልብረን የታወቀ ፓሪስ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤቶች እየገቡ በቅጠል ጠበል ይረጩበትና፣ ወጥተው ወይን ይዘው ያንሾካሹካሉ።

«እጁ ወርቅ ነበር።»

«ምላሱ ግን ኮሶ።»

«ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም።»

«በቁሙማ ማን ደፍሮ ይበለው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ሁሉም ያደንቃል፤ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ለጋ ጋሻ ጃግሬ፣ ጥሩሩን እንደ ለበሰ፣ የራስ ቁሩ ወደ ጎን ተንከባሎ። አፖሊን ናት። ልጅ ሳለች፣ በሐሩር፣ የብረት ጥሩር አልብሶ አቆማት፤ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ መጀመሪያ የሰማችው የእርሳሱን ድምፅ ነው።

«አትነቃነቂ» አላት አባቷ። «ክንድሽ ይቀረኛል።»

በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቅረጫውን እሷ ያዘች። የነገሥታቱን ካባ እጥፋት፣ የሰይፉን እጀታ፣ ሁሉንም እሷ ቀረጸች፤ ከእግራቸው ሥር ግን የሚጻፈው የእሱ ስም ነው። ለእንግዳ «ልጄ ቀለም ትበጠብጥልኛለች» ይል ነበር። በመጨረሻው ሰሌዳ ላይ ብቻ፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ሥዕል፣ የራሷን ስም እንድትጽፍ ቃል ገባላት። ሐኪም ልትጠራ ስትወጣ ሰሌዳውን ከአልጋው አጠገብ ትታ ሄደች። ሬሳውን ስታጥብ ጥፍሩ ውስጥ የመዳብ ፍቅፋቂ አገኘች።

መዳብ ቀራፂ ወረቀት ላይ እንዲቃና ሁሉን ገልብጦ ይጽፋል። ዕድሜውን ሙሉ ገልብጦ የጻፈው ሰው፣ ሞት ዓይኑ ላይ ሆኖ፣ ለእሷ ስም በተተወው ቦታ የራሱን ስም አቃንቶ ጽፎታል።

አሳታሚው ሙሴ ጎድሮን ከሰዓት በኋላ መጣ። ጠበሉን እንደ ነገሩ ረጨና ወደ ጠረጴዛው አለፈ።

«ነፍስ ይማር። ሰሌዳው አለቀ?»

አፖሊን ጥቁሩን ጨርቅ ከመስታወቱ ላይ ሳበችው። አክስቷ አማተበች። አፖሊን ሰሌዳውን ከመስታወቱ ፊት ያዘችው። መዳቡ ላይ ግራኝ የነበረው ንጉሥ መስታወቱ ውስጥ ሰይፉን በቀኙ ጨብጧል። ከእግሩ ሥር ያለው ስም ግን ወደ ኋላ ይነበባል።

ሙሴ ጎድሮን ሳቀ፤ ሬሳው ትዝ ሲለው ሳቁን በሳል ለወጠው።

«ፋቂውና ገልብጠሽ ጻፊለት።»

«እፍቀዋለሁ። የምጽፈው ግን የራሴን ነው። የቀረጽኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያንቺን እጅ ካወቅኩት ቆየሁ።»

«ታዲያ?»

«ገዢ አያውቅማ። ደግሞ ሰው ሲሞት ስሙ ይወደዳል፤ በተለይ በሞተበት ሳምንት።»

«በስሜ ካልሆነ አልሰጥዎትም።»

«እንግዲያው ግድግዳሽ ላይ ስቀዪው» አለና ባርኔጣውን አነሣ። «ከቀብሩ በኋላ ሐሳብሽን ከለወጥሽ ቤቴን ታውቂዋለሽ።»

ሲወጣ አክስት ሄርሚን ተጠጋቻት። «ጻፊለት። አባትሽ አይደል?»

«ቃል ገብቶልኝ ነበር።»

«እየሞተ ነበራ።»

«ለመስረቅ ጊዜ አላነሰውም።»

አፖሊን መፋቂያውን አንሥታ የአባቷን ስም ፊደል በፊደል ፋቀችው። ስሙ ጠፋ፤ ቦታው ግን ጎደጎደ። ጎድጓዳ መዳብ ቀለም ያቁርና ወረቀቱን ያጠቁራል፤ የብረት መስፍ ላይ ገልብጠው ከጀርባው ካልቀጠቀጡት አይስተካከልም። ገለበጠችውና በመዶሻ መታች።

ውጪ ሹክሹክታው ቀጥ አለ።

«ሳጥኑን በምስማር መምታት ጀመሩ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቄሱ ሳይመጣ?»

አንዲት ሴት እዬዬ አለች፤ ሌሎችም ተከተሏት።

«የሬሳ ሳጥን የሚመታ መስሏቸው እኮ ነው» አለች አክስት ሄርሚን፣ ፊቷ ቀልቶ። «ተዪ በፈጠረሽ።»

«ያልቅሱ። ለዚያ አይደል የመጡት?»

መዶሻውን እንደገና አነሣችና አየር ላይ አቆየችው። አስቀመጠችው። ተነሥታ ወደ ጎን ክፍሉ በር ሄደች። አባቷ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ታደርግ እንደነበረው፣ ማጠፊያው እንዳይጮህ በሩን በእጀታው ወደ ላይ ደግፋ፣ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ተመልሳ መታች።