ሁለተኛው መርፌ

ዓርብ ጡረታ የምወጣበት ሳምንት ነበር። ወንበሬን እዚሁ ክሊኒክ አብራኝ የምትሠራው ብሪታ ትውረስ ወይስ ከውጭ ሰው ይቀጠር? ኃላፊያችን ግሌን የእኔን ቃል እየጠበቀ ነበር። እኔ ደግሞ ወንበሬን ለመጣው ሁሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ሥራችን ሐኪሙ የሠራውን ከካርድ እያነበብን ለክፍያ የሚሆን የቁጥር ኮድ መስጠት ነው። በከተማችን በዱሉዝ የጅማት መርፌ ኮድ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም፤ ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ይሁን።

ሰኞ ዕለት ታካሚዋ እኔው ሆንኩ። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ታጥፎ አልዘረጋ አለኝ፤ ክርኔንም ያመኝ ጀመር። ዶክተር ሃልቮርሰን ጣቴን አንድ፣ ክርኔን አንድ ወጋኝ። የጣቱ መርፌ ጅማቱ የሚንሸራተትበት ሽፋን ውስጥ ነው የገባው፤ ኮዱ 20550። የክርኑ ደግሞ ጅማቱ ከአጥንት የሚጣበቅበት ላይ፤ 20551። ይኼ የሚያከራክር ነገር የለውም።

በእኛ ሙያ የራስን ካርድ ኮድ መስጠት ክልክል ስለሆነ ካርዴ ለብሪታ ደረሳት። ከኋላዋ ቆሜ አጮለቅሁ፤ እሱም ክልክል ነው። የሰጠችው አንድ ኮድ ብቻ።

«ክርኔስ?» አልኳት።

«ክርን የሚል የለም። ዶክተሩ የጻፈው ጣት ብቻ ነው።»

«ረስቶ ነዋ! ይኸው መርፌው የገባበት» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ቬርና፣ እኔ የማነበው ካርድሽን እንጂ ክንድሽን አይደለም።»

«አንቺ የትናንት ልጅ! የተወጋሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«አንቺ ነሽ። ‹ያልተጻፈ አልተሠራም› ያልሽኝም አንቺው ነሽ። ለዶክተሩ ጥያቄ ልኬያለሁ፤ እስኪመልስ ድረስ አንድ ነው።»

ሌላዋ ባልደረባችን በርኒስ ከጥግ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። «ጨምሩና አስከፍሉኝ ብሎ የሚጣላ ታካሚ ዛሬ ገና አየሁ!»

ደሜ ፈላ። «ወንበሩን የምሰጠው እኔ መሆኔን ረሳሽው?» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም፤ አልኩት ግን።

ብሪታ እስከ ጆሮዋ ቀላች። እጇ ግን ወደ ኮምፒውተሩ አልሄደም።

«ከፈለግሽ ለሌላ ስጪው። ይሄን ግን አልጽፍም።»

ተመልሼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። ቁጣዬ ሲበርድልኝ ልቤን ሞቅ አለው። ኮራሁባት! በራሴም ኮራሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኛ።

በማግስቱ ዶክተር ሃልቮርሰን መርሳቱን አምኖ ክርኑን ካርዱ ላይ ጨመረው። ብሪታም ሁለተኛውን ኮድ የጻፈችው ያኔ ነው። ግሌን መጣና «እህ ቬርና፣ ልጅቷ ትችለዋለች?» አለኝ።

«እምቢ አለችኝ።»

«ታዲያስ?»

«ለእኔ እምቢ ያለች ለማን እሺ ልትል ነው? ወንበሩ የሷ ነው።»

ብሪታ በቁመት ከእኔ ታንሳለች። ዓርብ ከመውጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ፣ መታጠፍም መዘርጋትም በጀመረው ጣቴ፣ ወንበሩን በልኳ ዝቅ አደረግሁላት።